ማሽላ ላይ የተወጠረው የአባቴ ክር

አባቴ ያልነኩት የሙዚቃ ዕቃ የለም። በንጉሡ ጊዜ፣ ሐዋሳ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ አኮርዲዮኑም ጊታሩም የእሳቸው ነበር፤ ከበሮ መቺ ከቀረም እሳቸው። ዘፋኞቹን ፒያሳ በነበረችው ክፍላችን ሰብስበው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍነው፣ በትልቁ ቴፕ ይቀዷቸው ነበር። ዜማ የሚያቃኑላቸውም እሳቸው ነበሩ። ዝና ያገኙት ግን ሌሎቹ ናቸው። ለእኛ የተረፈን በየካርቶኑ የተቀመጠ አንድ ሳጥን ሙሉ የቴፕ ክር ነው።

ያንን እኔ አጠፋሁት። ጌታን ያገኘሁ ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ "ዓለማዊ ዘፈን ቤትሽ አታኑሪ" ተባልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ያለችው እህቴ ደግሞ ማሽላዋን ወፍ እየጨረሰባት ነበር። ሳጥኑን ይዤላት ሄድኩ። ክሩን እየተረተርን ከእንጨት እንጨት ወጠርነው፤ ንፋስ ሲነካው ይጮሃል፣ ወፍ ዝር አይልም። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ባዶውን ሳጥን ቆልፌ አልጋ ሥር መለስኩት። አባቴ ሙዚቃ ትተው ስለነበር አልጠየቁኝም።

ዘንድሮ ልጄ፣ "የአያቴን ክር ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አገኘሁ፣ ቅዳሜ ይመጣል" አለችኝ።

"በስብሷል፣ ተይው" አልኳት።

"እማ ደግሞ! ሳይሞከር?"

አባቴ ከሐሙስ ጀምሮ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው መቀመጥ ጀመሩ። ያ አናደደኝ። ስንት ዘመን ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ ከጠፋ በኋላ ሁሉም ፈላጊ ሆነ!

ዓርብ ከሰዓት አልቻልኩም። "አባባ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አባቴም፣ "የኳየራችሁንም ክር?" አሉኝ። "የቤተ ክርስቲያናችሁን የመጀመሪያ ዘማሪዎች የቀዳኋቸው እኔ ነኝ። እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበሩ።"

"በምን ልወቅ? አልነገሩኝማ!"

"ካርቶኑ ላይ ጽፌ የለ?"

ጽፈዋል። እኔ አንዱን ካርቶን አንስቼ እስካነበው ድረስ መች ታገስኩ?

"እንግዲህ ለወፍ ዘምረናላ" አሉና ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እጅጌውን ልይዝላቸው ስል ክንዳቸውን ሳብ አደረጉ። "ለልጅሽ አንቺው ንገሪያት። እኔ አልዋሽልሽም።"

ልጄ ከሥራ ስትገባ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገርኳት። ለሰውየው ደውላ፣ "ይቅርታ፣ ነገ አይምጡ" አለችው። ለምን ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።