ለማናውቀው በረዶ ዕቃ ስንመርጥ

ባለሱቋ ከተፈታው የሰልባጅ ቦንዳ ጀርባ ቆማ ልብስ ታወጣለች። ከማረሚያ ቤቱ ጥበቃ የመጣ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግማሽ ፊቱን ፀሐይ ይመታዋል፤ ካፖርት ፈልጎ ነው። ከቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ሁለት ልጃገረዶች መስታወቱ ፊት አንዲት ጃኬት እየተቀባበሉ ይለካሉ። እኔ ከጨርቆቹ ክምር አጠገብ ነበርኩ። ለመስኮቴ ወፈር ያለ መጋረጃ ፈልጌ ነው የገባሁት።

ባለሱቋ ከቦንዳው አንድ እንግዳ ልብስ ጎትታ አወጣች። ሱሪውና ደረቱ አንድ ላይ የተሰፋ፣ ማንገቻ ያለው፣ እንደ ፍራሽ የወፈረ ቱታ። ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ተደርጎበታል፤ ደረቱ ላይ ከክብ ጉድጓድ ብቅ የምትል ዓሣ ተጠልፋበታለች።

«ይሄ ደግሞ የምን ዩኒፎርም ነው?» አለች ከልጃገረዶቹ አንዷ።

«ሥጋ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ቤት የሚሠሩ ናቸው የሚለብሱት» አለች ባለሱቋ ሳታመነታ። ነጋዴ አላውቅም አይልም።

«ለእኔ ለዘብ ነበር የሚሆነው» አለ ጥበቃው። «ግን በዚች ዓሣ ምክንያት ጓዶቼ ጴጥሮስ እያሉ ዕድሜ ልኬን ሊጠሩኝ ነው።»

«በበረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ልብስ ነው» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እማማ ደግሞ!» አለች ትንሿ፣ ሳቋን በእጇ ይዛ። «በረዶ ላይ ምን ዓሣ አለ?»

«ከሥሩ ውሃ አለ» አልኩና ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ። ወሬ አልችልበትም። እዚያ ያልነገርኳቸውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ከገባሁ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። ፋብሪካው አዳዲስ ማሽኖች ሊተክል ስለነበር ሠራተኞችን እየመረጠ ለስልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ይልክ ነበር። በዚያ ዓመት ከሴቶቹ እኔ ተመረጥኩ። ሄዶ የተመለሰ ሰው ማሽን ይረከባል፤ ያልሄደ ሲበጠስ ክር እየቀጠለ ይኖራል። ክር መቀጠል አልጠላም ነበር። ነገር ግን ፀጉሬ ሸብቶ፣ እዚያው ማሽን ፊት ቆሜ፣ ያንኑ ክር ስቀጥል ይታየኝ ነበር። መልስሽን እስከ ገና አሳውቂ ተባልኩ። መልሱ ደግሞ የአባቴ እንጂ የእኔ አልነበረም።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ባቡር ከመምጣቱ በፊት በእግሩ እየሄደ ሐዲዱን በመዶሻ መታ ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል። ድምፁ ካላማረው ብሎን ያጠብቃል፣ ጠጠር ይሞላል። ካማረው ዝም ብሎ ያልፋል። ቤትም እንዲሁ ነበር። «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፉ ይወጣል፤ «ይሁን» ሲል ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። መፍቀዱ የሚታወቀው እጁ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለ ጉዞው ስነግረው «እናያለን» አለኝ። በአባቴ አነጋገር ይህ ቃል የ«አይሆንም» ጎረቤት ነው።

ከሥራ ሌላ የሚወደው ነገር ዓሣ ማጥመድ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ልጅ ሳለሁ አብሬው እሄድ ነበር። በክረምት ያ መንገድ አይሞከርም፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ክረምቱ ወጥቶ ሰንበት ሲል ግን መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሽምብራው ማሳውን ይሸፍነዋል። ጣት ላይ ጎምዘዝ ያለ ጨው የሚተወውን እሸት እየፈለፈልን እንወርድ ነበር። አሁን ያ ማሳ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ በቅሎበታል፤ እሸቱም ከሌላ አገር በአይሱዙ ይመጣል። ግድቡ ዳር ስንደርስ አባቴ ደለሉን በዱላ ሳይወጋ እግሩን አያሳርፍም። «ውሃው ቦታውን ያውቃል፤ የሚያታልለው ዳሩ ነው» ይል ነበር።

እትዬ ጽጌ ከእኔ በፊት ሄዳ የተመለሰች የክፍላችን አለቃ ነበረች። ሳቂታ ናት፤ ሰው አትፈራም። «አባትሽን እኔ አግባባልሻለሁ» ብላ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጣች። የነቢያት ጾም ነበር። እናቴ በጾም ዓሣ አትቀምስም፣ በድስቷም አታስነካም፤ አባቴ ግን ይበላል። ስለዚህ በጾም ወራት ቤታችን ሁለት ምድጃ ነበረው። የእናቴ ሽሮ ጓዳ ይንተከተካል፤ የአባቴ ቆሮሶ ዓሣ ግቢ ውስጥ፣ በራሱ ከሰል ላይ፣ በራሱ እጅ ይጠበሳል። ያን ቀን እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መሶብ ትሰፋ ነበር። እኔ የቡና ስኒ እንደማጥብ ሆኜ አዳምጣለሁ።

እትዬ ጽጌ አባቴን በሚወደው ነገር ልትይዘው አሰበች።

«ጋሽ ወርቁ፣ አንቱ እኮ ቢሄዱ አይመለሱም ነበር» አለችው። «እዚያ አገር እሑድ ሲሆን ሰው ሁሉ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። እኔም ወጥቻለሁ። ሐይቁ በረዶ ይሆናል፤ እላዩ ላይ ቆመን፣ በስተን ነው የምናጠምደው።»

አባቴ የያዘውን ዓሣ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «እላዩ ላይ?»

«እላዩ ላይ።»

«ሰው ሆናችሁ?»

«በስመ አብ!» አለች እናቴ፣ ወስፌዋ ስንደዶው ውስጥ እንደተሰካ። «ጌታ የተራመደበትን ውሃ ልጄ ልትራመድበት ነው?»

ነገሩ አለቀ ብዬ ስኒውን አስቀመጥኩ። አባቴ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በምን ትበሱታላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

ያኔ ቀና አልኩ። አይሆንም ሊል የተነሣ ሰው መሣሪያ አይጠይቅም።

«እንደ አናጢ መሰርሰሪያ ያለ፣ ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ ብረት አለ። የሌለው በዲጂኖ ይፈነቅላል።»

«ዲጂኖ እኛም ዘንድ ሞልቷል። የማጥመጃው ዘንግስ?»

«ክንድ አይሞላም።»

«ክንድ አይሞላም! በእሱ ምን ሊይዙበት ነው፣ ድመት?» የአባቴ ሸምበቆ ከጣሪያችን ይበልጥ ነበር። «ጉድጓዱን ግን ሰፋ አድርጋችሁ ነው? አምባዛ ቢመጣ ራሱ ብቻ ይሄን ያህላል።» በሁለት እጁ አሳየ።

«ኧረ ጋሽ ወርቁ! ያን ያህል ከሰፋ እኛ ነን የምንገባበት። ይቺን ሳህን ካከለ በቂ ነው። የተሰባበረውን በረዶ እየጨለፍን የምናወጣበት ወንፊት መሳይ ጭልፋም አለ።»

«ወንፊት ለዓሣ» አለች እናቴ ለራሷ።

«ትሉስ አይደርቅም በዚያ ብርድ?»

እትዬ ጽጌ መሳቅ ጀመረች። «አንድ ሽማግሌ እንዳይቀዘቅዝበት ጉንጩ ውስጥ ይዞት አየሁ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ስፌቷን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ከሥራ በመጣ ቁጥር አንድ ዕቃ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ገመድ ነው፤ በሌላ ቀን ከጎማ የተቆረጠ የጫማ ሶል፣ እንዳያንሸራትት ምስማር የተመታበት። ያየዋል፣ ይጎትተዋል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ ከዚያ «ይሄ አይሆንም» ብሎ ጥግ ይጥለዋል። ጎረቤቶቻችን ሊያጠምድ የሚሄደው እሱ መስሏቸው ነበር። እኔ ስለ ዓሣው ደንታ አልነበረኝም፤ በረዶ ላይ ለመቆምም አልጓጓሁም። ግን ዕቃ እየመረጠ እስካለ ድረስ አይሆንም አላለም። ስለዚህ የሚያመጣውን ሁሉ እያየሁ «ይሄ ትንሽ ይላላል»፣ «ይሄ ይከብዳል» እያልኩ አብሬው መረጥኩ።

ገና ሲቃረብ እትዬ ጽጌን አስጠራት። አልተቀመጠም። «ሁሉንም ነገርሽኝ፤ አንዱን ግን አልነገርሽኝም» አላት። «በረዶው ከሥሯ ቢሰበርስ? በምን ትወጣለች?»

አሁን እሷም አልሳቀችም። «አንገታችን ላይ በገመድ የታሰሩ ሁለት ሹል ብረቶች እናንጠለጥላለን። የወደቀ ሰው እነሱን ደረቁ በረዶ ላይ ሰክቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ይወጣል። እጅ ብቻውን ያንሸራትታል።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም። በማግሥቱ ሁለት አሮጌ የሐዲድ ምስማሮች አምጥቶ ጫፋቸውን በሞረድ ሲያሾል ዋለ። ከአውራ ጣቴ ይወፍራሉ። እትዬ ጽጌ «ቀጠን ያለ ነው የሚሻለው» ብትለውም አልሰማትም። በእሱ ሙያ የሚታመን ብረት ከባድ ብረት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር የተሸከመለት እሱ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በግቢያችን በር ጋሪ ገባ። አባቴ ለመጠጥ ቤቶች በረዶ ከሚያመርት ሰው ትልልቅ የበረዶ ብሎኮች ገዝቶ፣ በሰጋቱራና በጆንያ ሸፍኖ አምጥቷል። መሬት ላይ ደርድሮ፣ እንዳይንሸራተቱ ዙሪያቸውን በሐዲድ እንጨት አጠራቸው። ሰፈርተኛው በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። «የማን ሠርግ ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ተኚበት» አለኝ አባቴ። «እግርሽን ሳትጠቀሚ፣ በእጅሽ ብቻ ወዲያኛው ጫፍ ድረሺ።»

የወንድሜን ሱሪ ለብሼ በሆዴ ተኛሁ። ብርዱ ወዲያው ሸሚዜን አልፎ ገባ። ምስማሩን አንሥቼ በሙሉ ኃይሌ ሰካሁት። በረዶው ጯ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ እሱም ተሰነጠቀ። እጄ የያዘው ነገር አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ ሰው ሳቀ።

አባቴ የተሰነጠቀውን በረዶ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ሊናገር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ። ፀሐዩ ወጥቷል፣ ውሃው በጆንያው ሥር መፍሰስ ጀምሯል፤ ሌላ በረዶ የሚገዛበት ቀን እንደማይኖርም ገብቶኛል። ተኝቼ ቀረሁ። ከተነሣሁ ነገሩ ያበቃል።

በዚህ መሐል እናቴ ከቤት ወጣች። ጉዳዩ ከተነሣ ጀምሮ ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። እጇ ላይ ሁለቱን ወስፌዎቿን ይዛለች፤ የምትሰፋበትንና ከእናቷ የወረሰችውን። እጀታቸው ከመያዝ ብዛት ያብረቀርቃል። አጠገቤ በርከክ ብላ በእያንዳንዱ መዳፌ አንዳንድ አስያዘችኝ።

«አጥብቀሽ አትውጊ» አለችኝ። «ስንደዶ እንደምትበሺ፣ ገፋ ብቻ።»

ገፋ አደረግሁ። ጫፉ ያለ ድምፅ ገባና ያዘ። ራሴን ሳብኩ፤ ሰውነቴ ተከተለኝ። ሌላውን እጄን አስቀደምኩ። ልብሴ ከበረዶው እየተላቀቀ ሲጎተት ይሰማኛል። መጨረሻው እንጨት ላይ ግንባሬን ሳሳርፍ ጣቶቼን ከብርዱ የተነሣ አልለያቸውም ነበር።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ወስፌው የተወውን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ሻንጣ ይፈለግላት» አላትና መዶሻውን ይዞ ወጣ።

የተጀመረው መሶብ ሳያልቅ ጾሙ ተፈታ። እኔም ሄድኩ። ማሽኑን ተማርኩ፤ ስመለስ ተረከብኩት፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያው አልራቅሁም። ሐይቁ ላይ አንድ እሑድ ብቻ ነው የቆምኩት። ነጭና ጸጥ ያለ ነበር፤ ከሥሬ ውሃ እንዳለ ለማመን ይቸግራል። አንገቴ ላይ የታሰሩትን ወስፌዎች ያዩ ሴቶች አንሥተው አገላበጧቸው፤ ከራሳቸው ብረቶች ጋር አስተያዩና መልሰው አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። አልወደቅሁም። አገሬ ስገባ አባቴ ስለ ማሽኑ አልጠየቀኝም። «ውፍረቱ ምን ያህል ነበር?» አለኝ። ከክርኔ እስከ መዳፌ አሳየሁት። «ይይዛል» አለ፤ ሌላ ጊዜ አላነሣውም።

ወላጆቼ ባሕርም፣ አውሮፕላንም፣ የማያውቁት ቋንቋም ያስፈራቸው ነበር፤ ያን ሁሉ መፈተሽ አይችሉም። በረዶው ግን በጋሪ ይመጣል፤ ይዳሰሳል፣ ይሞከራል። ለልጅ የሚፈራውን ሁሉ ከአንድ በሚነካ ነገር ላይ መሰብሰብ የቻለ ወላጅ ዕድለኛ ነው እላለሁ። እኔ ልጆቼን ስሸኝ የሚነካ ነገር አላገኘሁም፤ «ደህና ግቡ» ብቻ ነው ያልኩት።

«እማማ» አለኝ ሱቁ ውስጥ ጥበቃው፤ ከጨርቆቹ ቀና ስል እያየኝ ነበር። «እውነት አይተውት ነው? ይያዛል ዓሣው?»

«አንዳንዴ» አልኩት።

ልጃገረዶቹም ባለሱቋም ቀሪውን ይጠብቁ ነበር። ጨርቄን አስጠቅልዬ ወጣሁ።