ባለቤት የሌለው ይወገድ

የእህቴ ባል ጡረታ ሲወጣ ቤታችን ሰላም የሚያገኝ መስሎን ነበር። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ላይ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ኮሚቴው በየዓመቱ መጋዘኑን እየዞረ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና የዛገ መደርደሪያ ፊት እየቆመ፣ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «የኔ ነው» የሚል ክፍል ከጠፋ ዕቃው ይወገዳል። በቃ። የእህቴ ባል ይህን ሥራ ከደመወዙ አስበልጦ ይወደው ነበር። አንድ ጥግ በጸዳ ቁጥር እጁን አራግፎ «ፏ!» ይላል። እኛም ጋሽ ፏ አልነው።

ጡረታው ወንበሩን እንጂ ኮሚቴውን አልወሰደበትም። ቤት በዋለ በሳምንቱ ቁም ሣጥኑን አራገፈ፣ ጓዳውን አራገፈ፣ ዐይኑን ወደ እኛ አዞረ። አንድ ቀን ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ጃንጥላዬ የለም።

«ጋሼ፣ ጃንጥላዬስ?»

«የማን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መልስ የሰጠ የለም።»

የጠየቀው ባዶ ሳሎን መሃል ቆሞ ነው። በግ ተራ እንደቆመ ሰው ጮክ ብሎ ቢጠይቅ እንኳ አንድ ነገር ነው! እህቴ ግን ሳቀች። እሷ ለዚህ ሰው ሁልጊዜ ሆዷ ሰፊ ነው።

እህቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍላችን እሷ በማሽን ትጠልፋለች፣ እኔ ክር እቆርጣለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ማሽኑ የሚጠልፈውን ንድፍ የሚቀበለው ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የጥልፉን ፕሮግራም የጫነልን ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንዳኮረፈ ሰው ነው፤ ተለምኖ ነው የሚነሳው። እህቴ ታበራውና የቁርስ ሳህን ልታጥብ ትሄዳለች። ስትመለስ ተነስቶ ይጠብቃታል። ይህ ነገር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም፣ ከጋሽ ፏ በስተቀር።

«ታሟል እኮ! ውስጡ ቆሽሾ ነው» አለ። ከኢንተርኔት ላይም መጥረጊያ የተሳለበት የማጽጃ ፕሮግራም በነጻ አገኘ። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸና በቀይ ጽሑፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ችግሮች ማግኘቱን አስታወቀ። ጋሽ ፏ ራሱን ያዘ። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ቀዩ ወደ አረንጓዴ ተለወጠና «እንኳን ደስ አለዎት! ኮምፒውተርዎ ንጹህ ነው» የሚል ወጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን ሰው እንኳን ደስ አለህ ያለው አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ደግሞ አነበበው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አንጀቴን በልቶኛል።

በማግስቱ ፕሮግራሙ እንደገና በመቶዎች የሚቆጠሩ ችግሮች አገኘ።

«ትናንት ፏ አላደረግከውም እንዴ?» አልኩት።

«ቆሻሻ ነዋ፣ ይመለሳል።»

በየቀኑ የሚጠርግና በየቀኑ ያንኑ ያህል ቆሻሻ የሚያገኝ ጠራጊ እኔ ቢኖረኝ፣ መጀመሪያ ኪሱን ነበር የምፈትሸው። ጋሽ ፏ ግን አመነው። «አየሽ እንዴት እንደፈጠነ?» ይለኛል። እህቴ እንደ ወትሮዋ ሳህኗን አጥባ ስትመለስ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ገና እየተነሳ ነው።

በዚህ መሃል የልጃቸው ሠርግ ደረሰ። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው። እህቴ የሌላ ሰው ልጆችን ቀሚስ ስትጠልፍ ኖራለች፤ ንድፉን ሁልጊዜ የሚመርጡት ባለጉዳዮቹ ናቸው። የዚህችን ግን ራሷ ሣለችው። ከትከሻ ተነስቶ እስከ እጅ አንጓ የሚወርድ የወይን ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ የየራሱ መልክ አለው። ስንት ጊዜ አፍርሳ እንደሠራችው የማውቀው እኔ ነኝ። ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሰኞ ዕለት የቀኝ እጅጌው አለቀ። ሙሽራዋ አይታው አለቀሰች። የግራው ለማግስቱ ቀረና ሦስታችን ጫማ ልንገዛ ወጣን።

ጋሽ ፏ ቤት ቀረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን ልመስክርለት። ለልጁ ቀሚስ የበኩሉን ሊያደርግ፣ ግራ እጅጌው በፍጥነት እንዲያልቅ ነው የተነሳው። ስለዚህ ለወትሮው የማይነካውን «ጥልቅ ጽዳት» የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራሙም ሬጅስትሪ የሚባለው ውስጥ ገባ። ሬጅስትሪ ኮምፒውተሩ የትኛው ፕሮግራም የት እንዳለ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሠራ የሚያስታውስበት ቦታ ነው። እዚያ ገብቶ አሮጌ አሮጌውን ለቀመና «ባለቤታቸው ያልታወቀ» ብሎ ደረደረለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይፈራ ነበር። የአስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ከዚህ የበለጠ ምን ደስ የሚል ነገር ያነባል? ባዶው ክፍል ውስጥ «የማን ነው?» ብሎ እንደጠየቀ እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ኮምፒውተሩን አበራች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ተመለሰች። የጥልፉ ፕሮግራም «ይህ ፕሮግራም አልተመዘገበም፤ ሻጩን ያነጋግሩ» አላት። የትኛውን ሻጭ? ዘግታ ከፈተችው፣ ያው ነው። አጥፍታ አበራችው፣ ያው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካሁም! አጸዳሁት እንጂ።»

የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራን። ቀሚሱ እንደ ተንጠለጠለ፣ አንድ እጅጌው ሐረግ ለብሶ አንዱ እርቃኑን፣ ሁላችንም ከጠጋኙ ጀርባ ቆምን።

«የፕሮግራሙ ምዝገባ ተሰርዟል» አለ ጠጋኙ። «የንድፉ ፋይል አለ፣ የሚከፍተው ነው የሌለው። አባቴ፣ ለምን ነካኩት?»

«እንዲፈጥን ነዋ።»

«የዘገየው እኮ አርጅቶ ነው። ሬጅስትሪ ውስጥ ያሉት መስመሮች ክብደት የላቸውም፤ ቢጠፉም ባይጠፉም ፍጥነቱ ያው ነው። ቦታ ከጠበበዎት ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው ማጽጃ ይበቃዎት ነበር።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቀይ ጽሑፍ?»

«ነጻው ካላስፈራራዎት የሚሸጠውን ማን ይገዛዋል?»

ጠጋኙ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ቆይ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ከመሰረዛቸው በፊት የድሮውን ቅጂ ያስቀምጣሉ። እሱ ካለ እመልሰዋለሁ።»

እህቴ እጄን ጨመቀችው።

«አስቀምጦ ነበር» አለ ጋሽ ፏ። «በኋላ ድጋሚ ሲፈትሽ ግን ቅጂው ራሱ ቆሻሻ ነው አለኝ።»

«ማነው ያለዎት?»

«ራሱ ነዋ።»

«እና?»

«አስወገድኩት።»

ጠጋኙ ቦርሳውን ዘጋ። ከመሄዱ በፊት መጥረጊያ የተሳለበትን ፕሮግራም ሊያጠፋው ሲል፣ ፕሮግራሙ ራሱ «እርግጠኛ ነዎት? ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ይወድቃል!» ብሎ ለመነው። ዐይኑን በጨው ያጠበ!

እኔ እሳት ጎርሼ ነበር፤ ስለ ጃንጥላዬ ጭምር ልናገረው ስነሳ እህቴ በዐይኗ መለሰችኝ። ቀሚሱን አወረደች። የቀኙን እጅጌ ሐረግ በስስ ወረቀት ገለበጠችና በግራው ላይ ነጥብ በነጥብ አሳረፈችው። ከዚያ የእጅ መርፌ አወጣች። ክሩን ወደ መርፌው ዐይን ብታስጠጋ አልገባም፤ ደግማ ሞከረች፣ አልገባም። የቅርብ ነገር ማየት ካቆመች ሰነበተች፤ ማሽኑ ነበር የደበቀላት።

ጋሽ ፏ ሳይጠራ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ፣ መርፌውን ከእጇ ወሰደ፣ ክሩን አስገብቶ መለሰላት። እስከ ዓርብ ድረስ እንዲህ ሆነው ከረሙ። እሷ ትጠልፋለች፣ እሱ ክር ያስገባል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ቅጠሎቹ አንዳንድ ቦታ ጠመም አሉ። ሙሽራዋ መጥታ አየችና በዚህኛው እጅጌ ከቀኙ የበለጠ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ይሁን አዝና አልጠየቅኳትም።

ወለሉ በክር ቁርጥራጭ ተሸፍኖ ነበር። ጋሽ ፏ ያን ሁሉ ቀን እንዴት እንደቻለው አላውቅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን እጁ አላስቀምጥ ብሎት ጎንበስ አለና አንድ አረንጓዴ ክር አነሳ። ሊጥለው ሲል ቆም አለ። ወደ እሷ ዞሮ፣ እንደ ልጅ እየፈራ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ጠየቀ።

«የማን ነው?»

እህቴ ከጥልፉ ቀና አላለችም።

«የኔ ነው» አለችው።

ክሩን ካነሳበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው።