ወንበር የማይሰብር ፊልም

ጋሼ ሚስማር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሲኒማ ቤት ወንበር ሲጠግን አንድ ፊልም እንኳ ጀምሮ አልጨረሰም። ምን በወጣው! የፊልሙን ዓይነት ከስብራቱ ያውቀዋል። በካውቦይ ዘመን ተመልካቹ ራሱ ፈረስ የጋለበ እየመሰለው የመቀመጫውን ብሎን ያላላ ነበር። "ጅላጅል ሁላ!" ይላል ጋሼ እያጠበቀ። ካራቴ መጣና ደግሞ የፊት ወንበር በእርግጫ መሰንጠቅ ሆነ። የፍቅር ፊልም ተራው ሲደርስ፣ ጥንዶቹ መሃላቸው የገባውን የክንድ ማሳረፊያ እየነቀሉ መሬት ጣሉት። እነዚህስ ጭራሽ አያፍሩም! የሚያስፈራው ሲመጣ የወንበሩ ቆዳ ሁሉ በጥፍር ተቧጨረ።

አሁንስ? ካውቦዩም፣ ፍቅሩም፣ ጭራቁም፣ ቀልዱም ባንድ ድስት ተቀቅሎ ይቀርባል፤ ተመልካቹም ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ይሄዳል። ስድስት ወር ሙሉ አንዲት ብሎን አልላላችም።

ሥራ አስኪያጁ፣ ያ ትናንት የተወለደ ልጅ፣ አስጠራው። "ጋሼ፣ የሚሰበር ከሌለ እርስዎን ምን ላድርግዎት?"

"ፊልምህ ውሃ ውሃ እያለ እኔን ትጠይቀኛለህ? ሰው የማይነቀንቅ ፊልም እንዴት አድርጎ ወንበር ይሰብራል?"

"እስቲ የዛሬ ከሰዓቱን ቁጭ ብለው ይዩት። አንድ ወንበር ከተሰበረ ይቆያሉ፤ ካልተሰበረ ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ያስረክባሉ።"

ጋሼ አንዱን ወንበር በገዛ መፍቻው አጥብቆ ተቀመጠ። ጀግናው ከፈረስ ሲወርድ "እቴ!" አለ። ጭራቁ ብቅ ሲል "ላስቲክ እኮ ነው!" አለ። ጎኑ ያለችው ሴትዮ "ኧረ ዝም ይበሉ!" ብላ ተቆጣችው። ከዚያ የጀግናው ሽማግሌ አባት ከጭራቁ ጋር አንድ ቤት ተዘግቶበት በሩን መክፈት አቃተው። ጋሼ ወደ መቀመጫው ጫፍ ተጠጋ። መብራት ሲበራ የክንድ ማሳረፊያው ከነብሎኑ ተነቅሎ እጁ ላይ ነበር።

ክው አለ። አሳይቶ ሥራውን ማትረፍ ይችላል፤ ግን ያ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሊስቅበት ነው! እንጨቱን ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው።

"እህስ ጋሼ፣ የተሰበረ አለ?" አለ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ።

"ምን ሊሰብር! የማይረባ ፊልም!" አለና ቁልፉን አስረከበው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከኮቱ ስር የወደቀውን እንጨት አንስታ ነገሩን ሁሉ አውጣጣችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ይኼንን ብታሳየው ሥራህ ላይ ትቆይ አልነበር?"

"ለዚያ ፊልም? ሞቼ ነው ቆሜ!"

ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። አንዱን አውልቆ ቆም አለ።

"ለሽማግሌው ግን ልጁ ደርሶ በሩን ከፈተለት" አላት።