ሰባት ቀይ ገመድ

የተቃጠለ ገመድ ሽታ ሲመጣ ሌላው ሰው ቆጣሪ ለማጥፋት ይሮጣል፤ እኔ የልጅ ግንባር ነው የምዳስሰው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬቱ ላይ ቀለጠና ያ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ በአጥር ዘሎ መጣ፤ እጄ ሳላዘው አጠገቤ የተቀመጠውን የመጨረሻ ልጄን ግንባር ያዘ። “እማ፣ ምን ሆንኩ?” አለኝ። ምንም አልሆንክም አልኩት። እሱ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን መቂና ዓለም ጤና መካከል፣ አስፋልቱ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የበኩር ልጄ ሌንሴ ደግሞ ስምንት ወሯ። የባለቤቴ የጉታ አክስት አርፈው ለለቅሶ ከናዝሬት ዝዋይ ወርደናል፣ ዛሬ ባቱ የሚባለው ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ሌንሴን ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። የጥርስ ነው አሉኝ፣ እኔም የጥርስ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን አፏን ከፍታ ስታለቅስ ድምፅ አለ፣ ጉንጯ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንባ የለም። እርግብግቢቷን ስዳስስ ጣቴ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ያኔ ነው ልጄ ልትሞትብኝ እንደሆነ የገባኝ። ክሊኒኩ ያለው ድሬሰር ዓይኗን ገልጦ አየና፣ “ግሉኮስ ካለቀብን ሰነበተ። ከምሳ በፊት ናዝሬት ሆስፒታል አድርሷት። ከምሳ በኋላ አላልኩም” አለን።

መኪና ነበረን፣ ምስጋና ይግባው። መኪና ካሏት። ሞተሯ ከኋላ የሆነ አሮጌ ቫን ናት፤ ወንጂ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሏት የሄደ። ስትመጣ ቤንዚን የሚረጭላት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነገር ነበራት፣ አእምሮውም መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሲሞት መተኪያው እንኳን ናዝሬት አዲስ አበባም ጠፋ። ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ ከጣሊያን ጋራዥ እጃቸውን የፈቱ መካኒክ መኪናዋን ሁለቴ ዞረው አዩና፣ “ጉታ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ራዲዮ?” አሉ። ያንን ሁሉ ነቃቅለው ጥለው በግራና በቀኝ ሁለት ካርቡራተር ገጠሙላት። ባዶውን ሳጥን ለእኔ ሰጡኝ፣ የጥልፍ ክሬን አስቀምጥበት ጀመር።

ችግሩ ገመዱ ነበር። በዚያ ዘመን ከሱቅ የምትገዛው ያለውን እንጂ የምትፈልገውን አልነበረም፤ የተገኘው ሽቦ አንድ ጥቅል ቀይ ብቻ ስለሆነ ጋሽ ሙሉጌታ ሁሉን በቀይ ዘረጉት። ከቁልፉ መብራት ይዞ የሚመጣው ቀይ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚሰጠው ቦቢና የሚሄደው ቀይ፣ ወደ ሁለቱ ካርቡራተሮች የሚሄዱት ቀይ፤ ሰባት ቀይ ጅራት ከድሮው ዕቃ በተረፈች፣ መብራቱን በምታከፋፍል አንዲት ጥቁር ሳጥን ላይ ይሰካሉ። ጉታ ሾፌር እንጂ መካኒክ አይደለም፣ መንገድ ላይ ብትቆም ምን እንደሚነካ አያውቅም። ስለዚህ አንድ እሁድ እኔ አምፖል ይዤ፣ እሱ ቁልፍ እየከፈተና እየዘጋ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ለየን። “ወረቀት ለጥፊና ጻፊበት” አለኝ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሜ በመሠረተ ትምህርት የጨረስኩ ሴት፣ “ካርቡራተር” ብዬ ጽፌ እስክጨርስ ወረቀቱ ያልቃል። ክር ግን አውቃለሁ። ከቁልፍ ለሚመጣው ነጭ፣ ለቦቢናው አረንጓዴ፣ ለካርቡራተሮቹ ቢጫ፣ ለቀሩትም ለየራሳቸው፣ እንደ ቀሚስ ጥለት አሳምሬ አሰርኩላቸው። የሞተሩ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ ሥራዬን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ከዝዋይ ስንነሳ አዴ ሐሊማ የሚባሉ፣ ለቅሶ የመጡ የመቂ ሴት ሁለት ቅርጫት ቲማቲም ይዘው መቂ ድረስ ተሳፈሩ። መቂ ስንደርስ ጉታ አቆመላቸው። ሌንሴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አልወረዱም። “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ልጅ ነሽ፤ ጥዬሽ ወዴት ነው የምወርደው? ንዳ!” አሉት።

ብዙም አልሄድንም። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ሞተሩ እንደታነቀ ሰው ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ጉታ ዘሎ ከኋላ ክዳኑን ሲከፍት ጥቁሯ ሳጥን እንደ ሻማ እየቀለጠች ነው። እሳት እንዳይነሳ ሰባቱንም ጅራት ባንድ ጊዜ ነቀላቸው፤ “ግድ የለም፣ ክሮቹ አሉ” እያለ። ጭሱ ሲጠራ አየን። ሰባት ቀይ ገመድ፤ ክር የሚባል የለም።

“አስቴር! ክሩን ምን አደረግሽው?”

“እኔ በላሁት! እኔ መኪና ውስጥ ምን እሠራለሁ?”

ነገሩ የታወቀው በኋላ ነው። ከጉዞው በፊት ጋሽ ሙሉጌታ ዘይት ሊቀይሩ ክዳኑን ሲከፍቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ ክር ገመዱ ላይ ተቋጥሮ ያያሉ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው በሰው ሳሎን እየተደበቁ የሚጸልዩበት ጊዜ ነው። ጉታ ለመኪናው ጠንቋይ ቤት የሄደ መሰላቸው። በጌታ ስም ገሥጸው፣ አንድ ባንድ በምላጭ ቆርጠው አቃጠሉት። ለምን አልነገሩንም ስንላቸው፣ “እንዴት ልንገራችሁ? አፈርኩላችሁ እኮ!” አሉን።

መንገዱ ላይ ግን ይህን አናውቅም፤ እኔና ጉታ እየተጯጯህን ነው። አዴ ሐሊማ ሌንሴን ከጀርባዬ አወረዱና፣ “ተጣሉ፣ ተጣሉ! ልጅቷ ግን አትጠብቃችሁም” አሉ። ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ከቀበሌ ሱቅ ያወጡትን የወር ስኳራቸውን ፈቱ፤ በውሃ በጥብጠው ከዕቃቸው ትንሽ ጨው ጨመሩበትና በቆርኪ ጠብ ጠብ ያደርጉላት ጀመር። ጉታም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ።

ከፍሬን መብራቱ አምፖል ፈትቶ ሽቦ አሰረበት። ቁልፉን ከፍቶ ጅራቶቹን አንድ ባንድ ሲነካ አንዷ አምፖሉን አበራች፣ ቁልፉ ሲዘጋ ጠፋች፤ ነጯ እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ አምፖል አይረዳም፤ መብራት የሚያመጣውን እንጂ የሚጠብቀውን አያሳይም። እኔ ያን እሁድ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ። ካርቡራተሮቹ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እንዲዞር የምትከፈት ትንሽ መዝጊያ አላቸው፤ መብራት ሲደርሳት “ጠቅ” ትላለች። ጆሮዬን የጋለው ካርቡራተር ላይ ደቅኜ፣ “ንካ!” አልኩት። ምንም። “ቀጥል!” የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ያደነቁረኛል። ሦስተኛዋ ላይ “ጠቅ” አለ፤ የቀኙ ተገኘ። የግራዋ ከሥሯ ተቃጥላ ኖሮ ብንነካት ብንነካት አልተናገረችም። የቦቢናዋን ጉታ የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ከብረት አስጠግቶ ይዞ እሳት ስትተፋ አወቃት፤ እጁንም አስነዘረችው፤ የተሳደበውን አልጽፈውም። ሦስቱን ላጠን ገምደን በቀሚሴ ጨርቅ ጠቀለልናቸው።

ተነሳች። ግን ባንድ ካርቡራተር ሚኒሞ አትይዝም፤ እግሩን ከነዳጁ ካነሳ ትጠፋለች፣ ባትሪውም በሙከራ ብዛት ደክሟል። ጉታ ፍሬን ሲይዝ እንኳ በአንድ እግሩ ሁለቱን ፔዳል እየረገጠ ሞጆ ኬላ ደረስን። የኬላው ገመድ መንገዱ ላይ ተወጥሯል።

“ሞተር አጥፋ!” አለ ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ።

“ጌታዬ፣ ካጠፋሁ አትነሳም።”

“አጥፋ አልኩ!”

ጠፋች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሰውየው የቲማቲሙን ቅርጫት ገልጦ፣ ወረቀታችንን አይቶ፣ ወደ እኔ ዞረ። ሌንሴ ማልቀሱንም ትታ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል። የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ገልጬ ፊቷን አሳየሁት። “ለምን አልነገራችሁኝም?” ብሎ ጮኸ፣ መኪናዋ ከጠፋች እንደማትነሳ ጉታ እንደ ነገረው እያወቀ። ጠብመንጃውን በጀርባው አንግቶ ጓደኞቹን ተጣራ፣ “ኑ ግፉ!” አዴ ሐሊማም ወርደው ትከሻቸውን አስጠጉ። “እናቴ፣ እርስዎ ይተዉት” ቢላቸው፣ “ከአንተ ይልቅ ብዙ አህያ የገፋሁት እኔ ነኝ” አሉት። ሳቁ፣ ገፉ፣ ተነሳች፤ አዴ ሐሊማም እየሮጡ ገቡ።

ከሞጆ ወደ ናዝሬት ያለው መንገድ ዛሬ ሰፊ ነው፣ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል። ጉታ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ቫኗ ለቁራሌ ተሰጠች፣ የጋሽ ሙሉጌታ ጋራዥ ባንክ ነው። አዴ ሐሊማን ያን ቀን ቤትዎ የት ነው ሳልላቸው ተለያየን፤ መቂ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጠያየቅሁ፣ አልተገኙም። አሁን ታክሲ ውስጥ ልጅ ሲያለቅስ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው፤ እኔም አንዳንዴ እንደዚያው አደርጋለሁ። ሰው የሚወርድበት ደርሶ ሳይወርድ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ የምሳ ሰዓት ገና ነበር። ነርሷ ሌንሴን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች፣ ሦስት ቦታ ወግታ በአራተኛው እግሯ ላይ ሥር አገኘች። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ አየሁ። “ደርሳችኋል፣ ቁጭ በይ” አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ደርሰን ነበር፤ ልጄ ተረፈች።