በእጅ የምትጠገነዋ መኪና

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «እንደርሳለን» እያለ ነው የሚጠራው። ከታችኛው ሰፈር ዳገቱን ወጥቶ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሰው የሚያመላልስ የታክሲ ሾፌር ነው። አሮጌዋ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እሱ ከመሪው ዓይኑን ሳያነሳ «እንደርሳለን» ይላል። ደግሞም ይደርስ ነበር። በሙቀት ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ካለችበት ኮፈኖዋን ከፍቶ ቤንዚን ፓምፗ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ያደርግና ትንሽ ታግሶ ያስነሳታል። የማንንም ደጅ አይጠናም። ነፃነት ምን ይመስላል ብትሉኝ ያንን ጨርቅ ነበር የማሳያችሁ።

ይሁንና አዳዲሶቹ መኪኖች ዳገቱ ላይ እያፏጩ ያልፉት ጀመር፤ ተሳፋሪም ሸሸው። ምክር ፍለጋ የሚስቱ ወንድም ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ አብሮ አደጉም ነው። እኔም አብሬ ነበርኩ።

«የአሮጌዋን ሞተር ላሳድስ ወይስ ያቺን አዲሷን ባለጉልበት መኪና ልግዛ?»

«ሰው እየበረረ አንተ ልትድህ ነው?» አለ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይቺ እኮ ዳገቱ ዳገት መሆኑንም አታውቅም!»

«ስትበላሽስ? ከፍቼ አየኋት፤ እጅ የሚያስገባ ቦታ እንኳ የላትም። ሁሉ ነገሯ በኮምፒውተር ነው።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እህቴን አግብተህ መንገድ ላይ ትቀራለህ?»

«አሮጌዋስ?»

«እሷን ለኔ ተዋት። ቆርቆሮዋን የሚፈልግ ደላላ አላጣም።»

አሮጌዋን ትቶለት ባለጉልበቷን ገዛ። እውነትም በረረች፤ ክረምቱ እስኪወጣ። ከዚያ አንዲት ቀይ መብራት አበራችና ቆመች። ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቧራ ለበሰች። ሲጠይቀው መካኒኩ «ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው» እያለ ዓይኑን ያሸሻል። ሚስቱም «ወንድሜ እኮ ላንተው ነው የሚለፋው» ትለዋለች። ሥራ የፈታው ሰውዬ ከወንበር ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንበር ሆነ።

አንድ ቀን ለሕክምና ስሄድ ሸኘኝ። ፌርማታው ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ታክሲ ስታቃስት ተሰማ፤ ገና ከመታጠፊያው ሳትወጣ ፊቱ ተለወጠ።

«የኔ ናት።»

ቀለሟ ተቀይሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተቀየረም። መሪውን የያዘው ሌላ ከተማ ይኖር የነበረው የመካኒኩ የሴት ልጁ ባል ነበር።

«ጋሼ! ይግቡ እንጂ! ትናንት ነው ጠቅልለን የመጣነው።»

ገባን። «ከማን ገዛሃት?» አለው።

«ምን እገዛለሁ፣ አማቴ ናቸው ሞተሯን አሳድሰው የሰጡኝ። ‹ጉልበት ምን ያደርግልሃል? እንጀራህ የምትጠገን መኪና ናት፤ በገዛ እጅህ የማትፈታትን አትግዛ› አሉኝ።» ልጁ ምንም አያውቅም፤ እየሳቀ ነው የሚያወራው።

መካኒኩ ተሳስቶ ቢሆን ይቅር በተባለ። ሰው ይሳሳታል። እሱ ግን ሚዛኑን አሳምሮ ያውቀው ኖሯል፤ እውነቱን ለልጁ ባል ቆጥቦ፣ ፉጨቱን ለወዳጁ ሰጠ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሙቀቱ በረታና መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጁ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። «ጋሼ፣ ምን ነካት? አማቴም ስልክ አያነሱ!»

ለታማሚ ምሳ የያዘች ሴት ከኋላ «እንዴ እንደርሳለን፣ ዛሬስ ምነው ዝም አልክ?» አለችው።

ጎረቤቴ ኮፈኖውን ላለመክፈት ሲታገል አየሁት። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ አይነሳም። ከዚያ የሴትየዋን የምሳ ዕቃ አየ፣ ወረደ። የሷን ውኃ ተቀብሎ የገዛ መሐረቡን አራሰና ፓምፑ ላይ አኖረው። ጠበቀ። መኪናዋ ተነሳች።

«ይባረኩ! ይግቡ፣ ጋሼ።»

«ሂድ አንተ። መሐረቡን ለአማትህ ስጥልኝ፤ የማን እንደሆነ ያውቀዋል።»

ቁልቁል በእግሩ ጀመረ። ሴትየዋ በመስኮት «አትደርስም እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ ዞር አላለም።