የሚስ ቬርሊን ሰባት ሳንቃዎች

በየዓመቱ ገና ሊገባ ሲል ሶራይዳ አንዲት ጣሳ ነጭ ቀለምና ፀጉሩ ያለቀ ብሩሽ ይዛ ወደ ሚስ ቬርሊን ቤት ትሄዳለች። ጉልበቷ እያቃሰተ ደረጃው ላይ ትቀመጥና ሳንቃዎቹ ላይ የደበዘዙትን ቃላት አንድ በአንድ ታድሳቸዋለች። እንግሊዝኛ ያስተማሯት ሚስ ቬርሊን ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል። የወደብ ከተማችን የሊሞን ዝናብ መቼም ለቀለም አይራራም፤ ዓመት ሳይሞላው አጥቦ ይወስደዋል። «ምን አደከመሽ?» የሚላት አይጠፋም። «ይኼ ደረጃ ያደረገልኝን እናንተ አታውቁም» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

የሚስ ቬርሊን አያት ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከጃማይካ የመጡ ሰው ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ ስፓኒሽ ሲናገር፣ እቤታቸው ከእንግሊዝኛ በቀር አይነገርም ነበር። ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በእንጨት እግር ላይ የቆመ ነው። ከወለሉ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ግን ለስም ነው፤ ትምህርቱ ያለው ደረጃው ላይ ነው። ሰባት ሳንቃ፣ በየሳንቃው ግንባር ላይ አንዳንድ ቃል። ከታች «ካን»፣ ከዚያ «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ማይት»፣ «ሹድ»፣ «መስት»፤ ከሁሉ በላይ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሥር፣ «ሜይ»።

መጽሐፍ ረዳት ግሦች ይላቸዋል። ሚስ ቬርሊን ግን፣ «ሌላው ቃል የሚነግርህ ሥራውን ነው። እነዚህ የሰውየውን ሆድ ይነግሩሃል፤ መቻሉን፣ መመኘቱን፣ መጠራጠሩን፣ ግዴታውን» ይሉ ነበር። «ሜይ» ከላይ የሆነበትን ሲጠየቁም፣ «ሰው ቤት የሚገባው በፈቃድ ነዋ» ይላሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሳንቃው ላይ ቆሞ፣ በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ልክ መሆኑ አይበቃም፤ እውነት መሆን አለበት። «በውሸትማ ማንም በማንም ቋንቋ ይናገራል» ይላሉ። እውነት ከሆነ «ውጪ» ነው፣ ወደሚቀጥለው ሳንቃ፤ ውሸት ከሸተታቸው «ውረጂ» ነው። እላይ የደረሰ ደግሞ ከምድጃው የወጣ የኮኮናት ዳቦ ይቆረስለታል።

ሶራይዳ በስፓኒሽ ያደገች ናት። ሚስ ቬርሊን ዘንድ ስትመጣ ከነበራት ሃምሳ አራት ዓመት ሠላሳውን ያሳለፈችው ሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ መሰል ፓቲ በቅርጫት ተሸክማ የከተማውን መናፈሻ ስትዞር ነው። የፓቲዋ ቅመም ዓይን ያስለቅሳል፤ ሰው ግን ይወደው ነበር። በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳት። በዚያው ዓመት የወደቡ ሻጮች ማኅበር ቱሪስት ጫኝ መርከቦች በሚቆሙበት በር ላይ ጠረጴዛ ሊሰጥ ነው ተባለ። ጠረጴዛ ማለት ወንበር ማለት ነው፤ ተቀምጦ መሸጥ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነበረው፤ ለፈተናውም የአስተማሪ ወረቀት ይጠየቃል። ሚስ ቬርሊን ደግሞ ሰባተኛው ሳንቃ ላይ ላልቆመ ሰው ወረቀት አይጽፉም።

በመጀመሪያው ቀን «ካን» ላይ ቆመች። «ፓቲ መሥራት እችላለሁ» አለች።

«እሱንማ ከተማው ያውቃል፤ ውጪ!»

«ኩድ» ላይ፣ እኛ አገር ሱቅ ስንገባ በስፓኒሽ እንደምንለው፣ «አንድ ቡና በስጦታ ሊሰጡኝ ይችላሉ?» አለች። ሚስ ቬርሊን መነጽራቸውን አወለቁ። «ስጦታ? ልደትሽ ነው እንዴ? እንግሊዝ አገር እንዲህ ብትዪ ጥቅልል አርገው በሪባን ያስሩልሻል!» አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቀው ተማሪ ሁሉ ሳቀ። ታክሲ ነጂው ኤቬልዮ እስኪያስለው ሳቀ።

የኤቬልዮ ተራ «ማይት» ላይ ደረሰ። «ነገ ሊዘንብ ይችል ይሆናል» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ሊሞን ውስጥ? ‹ይችል ይሆናል›? ውሸታም! ይዘንባል! ውረድ!»

«ሚስ፣ ታክሲ ነጂ እውነት ተናግሮ ያውቃል?» አለች ሶራይዳ።

«ይኼንንማ በእንግሊዝኛ ብትዪው በቀጥታ ሁለት ሳንቃ ባሳለፍኩሽ።»

«ዉድ» ላይ ግን ማንም አልሳቀም። ሶራይዳ፣ «መቀመጥ እመኛለሁ» ነው ያለችው። ሚስ ቬርሊን ጉልበቷን አዩና፣ «ውጪ ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ማይት»ንም ስለ ጉልበቷ ተናግራ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ነው ነገር የተበላሸው።

አንድ ቀን ቀድማ መጣች። ሚስ ቬርሊን ታችኛው ሳንቃ ላይ ተቀምጠው የእርግብ አተር ይፈለፍሉ ነበር፤ አብራቸው ተቀመጠች። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። «እኔ የሰው ልጅ የማስተምረው የራሴን ስላጣሁ ነው» አሉ።

«ልጅዎ አለች አይደል? ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው?»

«አዮኒ አለች፤ እግዜር ያኑርልኝ። ዳቦውን የምትጋግረው እሷ ናት። ግን ስምንት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቀን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መጣችና በእንግሊዝኛ አልመልስ አለች። እኔ በእንግሊዝኛ፣ እሷ በስፓኒሽ፤ ይኸው አርባ ስድስት ዓመታችን። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ምክንያቱን አልነገረችኝም። ያስቀየምኳት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ አረጀሁ።»

ሶራይዳ አተሩ ከእጇ አመለጣት። ምክንያቱን ታውቃለችና።

ሶራይዳም በተማረችበት በዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ ክልክል ነበር። የተናገረ ልጅ ዕረፍቱን ሁሉ ከባንዲራው እንጨት ሥር ይቆማል፤ ያጋለጠ ደግሞ በሽልማት ሳምንት ሙሉ ደወል ይደውላል። ሶራይዳ ያንን ደወል በሕልሟ ሳይቀር ትደውለው ነበር። አንድ ቀን፣ ነጭ ሪባን ያሰረች ልጅ ገመድ እየዘለለች በእናቷ ቋንቋ ስትቆጥር ሰማቻት። ሮጣ ተናገረች። ልጅቷ አዮኒ ነበረች። ሶራይዳም ደወሉን ደወለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሹድ» ላይ ሥር አወጣች። «በጊዜ መተኛት ይገባኛል» ትላለች፤ «ውረጂ»። «ጨው መቀነስ ይገባኛል»፤ «ውረጂ። አፍሽ ሌላ፣ ፊትሽ ሌላ።» ሦስት ሳምንት ሞላት። ኤቬልዮ እንኳ «መስት» ደርሶ ከላይ ሆኖ ያበሽቃት ጀመር። «ዶኛ ሶራይዳ፣ እዚያው ሳንቃው ላይ አልጋ ይግባልዎት?»

ፈተናው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ብትናገር፣ ሴትዮዋ ወረቀቱ ቀርቶ በዓይናቸውም አያይዋትም። ባትናገር ቅርጫቱ አለ። ቅርጫቱስ ይሁን፤ እሱን ለምዳዋለች። መሸከም ያልቻለችው የእኚያን አሮጊት «አስቀይሜያት ይሆን» ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዝናብ እየጣለ፣ አምስተኛው ሳንቃ ላይ ቆመች። ሌላ ተማሪ አልመጣም።

«ዝም ማለት ይገባኝ ነበር» አለች በእንግሊዝኛ። ቀጥሎ ያለው አልመጣላትም፤ በስፓኒሽ ጨረሰችው። ገመዱን፣ ባንዲራውን፣ ደወሉን።

ከወለሉ ሥር አተር ይፈለፍል የነበረው የሚስ ቬርሊን ጣት ቆመ።

«ሪባኗ ሰማያዊ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ነጭ ነበር፣ ሚስ።»

«አዎ። ነጭ ነበር።» ጎድጓዳ ሳህኑን አንስተው ተነሱ። «ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። እውነትም ነው። የሚቀጥለው ‹መስት› ነው፤ እሱን ነገ ትዪዋለሽ፤ ለእኔ አይደለም።» በአጠገቧ አልፈው ወጡና በሩን ዘጉት። ደህና ዋዪም አላሉ።

ሶራይዳ ያን ቀን እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታስታውስም።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ መጣች። የዳቦው ሽታ ታች ድረስ ይሸታል። አምስቱን አልፋ ስድስተኛው ላይ ቆመችና «አዮኒ!» ብላ ተጣራች። አዮኒ ወፍራም፣ ደልዳላ ሴት ናት፤ እጇ ዱቄት እንደለበሰ ብቅ አለች።

«ልነግርሽ ግድ የሆነብኝ ነገር አለ» አለቻት ሶራይዳ። ነገረቻት። ዝናቡ አናቷ ላይ ይወርዳል።

አዮኒ ሰምታ ስትጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ደዋይዋ አንቺ ነበርሽ? አቤት፣ አደዋወልሽ ሲያስጠላ! ፍየል ያመለጠች ነበር የሚመስለው።»

«አዮኒ፣ አፈር ስሆን...»

«ቆይ። አንቺ ብቻ መሰልሽ ያጋለጥሽኝ? ግማሹ ክፍል ነው እኮ በኔ ሲደውል የከረመው! እዚያ እንጨት ሥር ቆሜ፣ ይኼ ቋንቋ ዳግመኛ ከአፌ አይወጣም ብዬ ማልኩ። ልጅ ነበርኩ። ካደግሁ በኋላ ደግሞ መጀመሩ አሳፈረኝ፤ ማማ ፊት እንደ ሕፃን ልንተባተብ? እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ሄደ።» ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች። «ግን ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው መጥቶ ‹እኔ ነኝ› አላለኝም።»

ከሶራይዳ ፊት የቀረው አንድ ሳንቃ ነው። ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወጣችና ሰባተኛው ላይ ቆመች። «ሜይ አይ ካም ኢን?» አለች፤ ልግባ ወይ?

አዮኒ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ሚስ ቬርሊን ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ያልሰሙ ለመምሰል። አዮኒ ከንፈሯን አረጠበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጭለማ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቃሉን እየዳሰሰች፣ በእናቷ ቋንቋ፣ «መግባት ትችያለሽ፤ መጀመሪያ ግን እግርሽን ጥረጊ» አለች።

ሚስ ቬርሊን አንገታቸውን አላዞሩም። «ስህተት አለበት» አሉ። «ድገሚው።»

አዮኒ ደገመችው።

«አሁንም አለበት። ድገሚው።»

ሶራይዳ በሩ ላይ ቆማ እግሯን ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ጠርጋ ጫማዋ ደርቋል። ስህተት እንዳልነበረበት ገብቷታል። በኋላ፣ ወረቀቱም ተጽፎላት፣ ፈተናውንም አልፋ፣ ወደብ በር ላይ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ፣ ሰው «እንኳን ለወንበርሽ አበቃሽ» ሲላት፣ እሷ የምታመሰግነው ያንን ቅዳሜ ነበር። አሮጊቷ «ድገሚው» እያሉ፣ እንባቸው በመነጽራቸው ሥር እየወረደ፣ የዳቦው አንድ ጎን እያረረ።