ኪኒኑ የእኔ ነው

ደምህ አንሷል ተብዬ ፎሊክ አሲድ ታዘዘልኝና ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ወዳለች ፋርማሲ ገባሁ። ገና ኪኒኑን ከመቀበሌ፣ ከኋላዬ ዘንቢል ይዘው የተሰለፉ እናት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! የመጀመሪያችሁ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ለራሴ ነው። ደም ማነስ አለብኝ።»

«ይደበቃል እሱማ፤ ሆዷ ሳይገፋ አይወራም» ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ታስረዳልኛለች ብዬ ፋርማሲስቷን አየኋት። እሷ ጭራሽ «ቫይታሚን ቢ ዘጠኝ ነው፤ ደምም ይሠራል፣ የፅንሱም አከርካሪና አንጎል በደንብ እንዲያድግ ይረዳል» ብላው አረፈች።

«ሰማህ? ሚስትህን ምስርና ሽምብራ አብላት!» አሉና እማማ ከዘንቢላቸው አንድ እስር ጎመን አውጥተው አስታቀፉኝ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። መከራከሩ ሰለቸኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ።

አፍንጮ በር እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ለባለቤቴ እንዴት አድርጌ እንደማወራላት እያሰብኩ የቤታችንን በር ከፈትኩ።

ጎመኑን አየች። ኪኒኑን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነገረህ?»